ክርስትናው ያልተጻፈው ሸማኔ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የሚኖሩት እንግሊዝ አገር ነው፤ ባለቤታቸውም እንግሊዛዊ ናቸው። እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በአባታቸው በኩል ደግሞ አማቴ ከኢንተርኔት ያወጡትን የዘር ሐረግ በመስተዋት አስገጥመው ሳሎን ሰቅለዋል። ከላይ የተቀመጠው ቶማስ የሚባል ሰው ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ አውራጃ በምትገኝ አንዲት መንደር በኦክቶበር 1668 አገባ፤ ሙያው ሸማኔ ነበር፤ ስድስት ልጆች ወለደ፤ በ1701 ተቀበረ። እስከዚህ ድረስ ያለውን መዝገብ በዓይኔ አይቻለሁ። ክርስትናው ግን የለም፤ የመንደሪቱ መዝገብ ከ1640 እስከ 1653 ያለው ጠፍቷል። ሐረጉ እንደሚለው ቶማስ በጎረቤት አጥቢያ ጁላይ 9 ቀን 1639 ክርስትና የተነሣው የአንድ ባላባት ልጅ ነው። ስሙም የቤተሰብ ስሙም ይገጥማል። በዚያው አጥቢያ የዚሁ ባላባት ልጅ የሆነ ቶማስ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1639 ተቀብሯል። ይህ ግን ከክርስትናው አምስት ወር ገደማ ስለሚቀድም ሌላ ልጅ፣ ምናልባትም ታላቅ ወንድሙ ይሆናል ብለን አለፍነው። አማቴ ልክ ናቸው? ካልሆኑስ የቶማስን አባት በምን አገኛለሁ?»

እኅቴ፣ መርዶውን ላስቀድም። አማትዎ ሳሎን የሰቀሉት ቶማስ ሚስትም አላገባ፣ ሸማም አልሠራ፤ የሞተው በሰባት ወሩ ነው። «አለፍነው» ያሉት የቀብር መስመር የራሱ የልጁ ነው።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የዓመቱ ቁጥር የሚለወጠው ጃንዋሪ 1 ቀን ሳይሆን ማርች 25 ቀን፣ በብሥራት በዓል ነበር። ማርች 24 ቀን 1639 ብሎ የጻፈ ቄስ በማግስቱ ማርች 25 ቀን 1640 ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ጁላይ 1639 ይመጣል፣ ኦክቶበር 1639 ይከተላል፣ ፌብሩዋሪም ሲደርስ ዓመቱ ገና 1639 ነው። እንግሊዛውያን ጀማሪዎች ይህን ለመቀበል ይቸገራሉ። ለእኛ ግን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኅዳር 2010 ይቀድማል፣ የካቲት 2010 ይከተላል፣ በመካከላቸው የፈረንጆቹ ዓመት ቢለወጥም የእኛ አይለወጥም። እርስዎን ያሳሳተዎት ኢትዮጵያዊነትዎ ሳይሆን እዚያ አገር መልመድዎ ነው። ልማዱ እስከ 1752 ቆይቷል። በዚያ ዓመት ዘመን መለወጫውን ወደ ጃንዋሪ 1 ከማምጣታቸውም በላይ ከሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ነው ብለው አሥራ አንድ ቀን ዘለሉ።

በዚህ የተነሣ በሙያው ያለን ሰዎች ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 የሚውል ቀን ሲያጋጥመን ሁለቱንም ዓመት እንጽፋለን። የልጁ ቀብር ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1639/40 ነው ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ማውጫዎች አንዳንዶቹ ዓመቱን ወደ ዛሬው ለውጠውታል፤ ሌሎቹ እንዳለ ትተውታል፤ በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ ሁለቱም ተደባልቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ማውጫውን ተዉትና የገጹን ፎቶግራፍ ይክፈቱ። ከቀብሩ መስመር በላይ ያሉት ቀብሮች የኖቬምበርና የዲሴምበር ከሆኑ፣ ከበታቹም ጥቂት መስመር ወርዶ 1640 የሚል አርእስት ከመጣ፣ ነገሩ አለቀ። ቀኑ በማውጫው ላይ ቀድሞ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ሳይቸኩሉ ይንገሩኝ፤ ያን ጊዜ እርስዎ ልክ ነዎት፣ እኔ ተሳስቻለሁ። በእርስዎ መልእክት ላይ እንደቀረበው ግን በእኔ አልፈርድም።

የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ደንብ፣ እጩ በተገኘ ጊዜ ቀድሞ ቀብሩን መፈለግ ነው። በዚያ ዘመን ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ አሥር ዓመት ሳይሞላው ያልፍ ነበር። እኔም በዚህ ወጥመድ ገብቼ አውቃለሁ። ለአንድ ቤተሰብ ስድስት ወር ሠርቼ፣ አራት ትውልድ ወደ ላይ ወጥቼ፣ መሠረት ያደረግሁት ሕፃን በሦስት ሳምንቱ ሞቶ እናቱ በተወለደችበት አጥቢያ መቀበሩን ያየሁት ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። የተቀበልሁትን ገንዘብ መለስሁ። ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ቀብር ሳልፈልግ ክርስትና አልቀበልም።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። የልጁ መሞት የቤተሰቡን በር አይዘጋም። ልጅ የሞተበት አባት ቀጣዩን ወንድ ልጅ በዚያው ስም መጥራቱ በዚያ ዘመን የተለመደ ነው፤ በአንድ ቤት ሦስት ሞክሼ ሕፃናት ተከታትለው ሲሞቱ አራተኛው የሚያድግበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የባላባቱን ልጆች ጥምቀት ከ1640 ወዲህ አንድ በአንድ ይዩ። ሌላ ቶማስ ከተነሣ እንደገና እጩ ይሆናል፤ ቀብሩንም እንደገና ይፈልጋሉ። ብቻ ባላባትነቱ አያጓጓዎት። የባላባት ታናናሽ ልጆች ሙያ ለመማር መሄዳቸው እውነት ነው፤ የሚሄዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለንደን ነጋዴ ዘንድ እንጂ መንደር ሸማኔ ዘንድ አይደለም። የማይሆን ነው አልልም፤ ማስረጃውን ከፍ አድርጎ መጠየቅ አለብዎት።

የስም ነገርም አለ። እኛ አገር የአንድ ሰው ሁለተኛ ስም አባቱን በነጻ ይነግረናል። የእንግሊዙ ሁለተኛ ስም ግን ከአያት ቅድመ አያት የወረደ የቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ አንድ አካባቢ ላይ ዝምድናቸው የተረሳ አሥር ቤቶች ሊጋሩት ይችላሉ። የመጀመሪያ ስም ደግሞ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ጆን፣ ዊልያምና ቶማስ ብቻ ከወንዶቹ ግማሽ የሚጠጋውን ይይዛሉ። አንድ የቤተሰብ ስም በተስፋፋበት የሰፎክ ጥግ ሞክሼ ቶማሶች መኖራቸው ሊገርመን አይገባም፤ የሚገርመው አንድ ብቻ ቢሆን ነው። አጻጻፉም ልቅ ነው፤ ቄሱ በሰማው ስለሚጽፍ አንድ ቤተሰብ በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ይገኛል።

አሁን ዕድሜውን እናስላ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ወንድ መጀመሪያ የሚያገባው በአማካይ ሃያ ሰባት ወይም ሃያ ስምንት ዓመቱ ላይ ነው፤ ሴቷም ሃያ አምስት አልፏት ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ የመኳንንት ነገር ነበር፤ ሸማኔ ግን ቤትና መሣሪያ ሳይዝ አያገባም። በ1668 ያገባ ሰው በ1640 ግድም ተወልዷል፤ ሰፋ አድርገን ከ1633 እስከ 1647 እንበል። የዚህ ዘመን ትልቁ ክፍል የሚወድቀው መዝገቡ በጠፋበት ውስጥ ነው። እንግዲህ ኮምፒውተር ላይ ስሙን ሲጽፉ የሚመጡልዎት መዝገባቸው የተረፈላቸው ቶማሶች ብቻ ናቸው። በጣም የሚመስለው፣ እዚያው መንደር በ1642 ክርስትና የተነሣው ቶማስ፣ ጭራሹን ለውድድር አይቀርብም። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የዘር ሐረጎች አብዛኞቹ የሚበላሹት በዚህ ነው፤ የተገኘውን ሰው የሚፈለገው ሰው ያደርጉታል።

መዝገቡ ለምን እንደጠፋ ማወቅ ምን እንደምንፈልግ ይነግረናል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የአጥቢያ መዝገብ የተጀመረው በሴፕቴምበር 1538 ነው። የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ቀኝ እጅ የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ የሳምንቱን ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እሑድ እሑድ እንዲጽፍ፣ መዝገቡም ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን እንዲቀመጥ፣ አንዱ ቁልፍ ከቄሱ፣ ሁለተኛው ከምእመናኑ ተመራጮች ዘንድ እንዲሆን አዘዘ። ሕዝቡ አዲስ ግብር ሊጣልብን ነው ብሎ ፈራ። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1598፣ በወረቀት የተጻፈው ሁሉ ወደ ብራና እንዲገለበጥ ታዘዘ፤ ትእዛዙ ግን «ይልቁንም ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነገሠችበት ከ1558 ወዲህ ያለውን» የሚል ሐረግ ነበረው። ገልባጮቹ የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ የብዙ አጥቢያ መዝገብ ዛሬ በ1558 የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ጊዜ የየዓመቱ ጽሑፍ ቅጂ ለሀገረ ስብከቱ እንዲላክ ተደነገገ። ቅጂው ዋናው መዝገብ ለጠፋበት ዘመን ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ለእርስዎ ግን ብዙ አይረዳም። ምክንያቱን አሁን እነግርዎታለሁ።

በ1642 በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊና በምክር ቤቱ መካከል ጦርነት ተነሣ። ሰፎክ ከምክር ቤቱ ወገን ነበረች፤ ውጊያው ብዙም አልደረሰባትም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከሥሩ ተናወጠ። ዊልያም ዳውዚንግ የሚባል ሰው በ1643 እና በ1644 በሰፎክ ከመቶ በላይ አብያተ ክርስቲያናትን እየዞረ ሥዕልና መስቀል አስፈረሰ። በ1644 የምሥራቁን አውራጃዎች የሚመረምር ኮሚቴ ለንጉሡ ያደላሉ ወይም ነውረኛ ናቸው የተባሉ ቄሶችን ከየደብራቸው አባረረ። በ1645 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ታገደ፤ በ1646 ጵጵስና ራሱ ተሻረ። ጳጳስ ከሌለ ቅጂ የሚቀበል የለም። ለዚህ ነው የሀገረ ስብከቱ ቅጂ መድኃኒት ሳይሆን የቀረው፤ በሽታው ሐኪሙንም ይዞት ሄዷል። ለ1640 እና ለ1641 ግን ልቅ ቅጠሎች ተርፈው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሁለት ዓመትም ሁለት ዓመት ነው።

ቀጥሎ በ1653 ምክር ቤቱ ሕግ አወጣ። ከሴፕቴምበር 29 ቀን ጀምሮ ጋብቻ በቄስ ሳይሆን በዳኛ ፊት እንዲፈጸም፣ መዝገቡንም ሕዝቡ የመረጠው ጸሐፊ እንዲይዝ፣ ከጥምቀት ይልቅ የልደት ቀን እንዲጻፍ ተደረገ። እንግዲህ የእርስዎን መንደር ይመልከቱ፦ ክፍተቱ የሚያበቃው በ1653 ነው። ይህ አይጥ የበላው ወይም ዝናብ ያበላሸው መዝገብ አይመስልም፤ አይጥ ሕግ እስኪወጣ አይጠብቅም። የምገምተው፣ ተመራጩ ጸሐፊ አዲስ መዝገብ ገዝቶ ጀመረ፤ ያለፉት የአሥራ ሦስት ዓመታት ጽሑፍ ደግሞ በተናጠል ቅጠሎች ወይም በተባረረው ቄስ እጅ ሆኖ ቀረ። ግምቴ ትክክል ከሆነ ሦስት ቦታ የሚታይ ነገር አለ። አንደኛው የአዲሱ መዝገብ መጀመሪያና መጨረሻ ገጾች ናቸው፤ አንዳንድ ቦታ ወላጆች ቀደም ሲል የተወለዱ ልጆቻቸውን ለጸሐፊው ከፍለው አስመዝግበዋል፣ መዝገቡንም ገልብጠው ከኋላ የጀመሩ አሉ። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኑ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ባዶ ገጽ ላይ ጥምቀት የሚጽፍ ቄስ አጋጥሞኛል። ሦስተኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። በ1662 የወጣው አዲስ የጸሎት መጽሐፍ በዚያ ትርምስ ውስጥ ሳይጠመቁ ላደጉ ሰዎች የአዋቂ ጥምቀት ሥርዓት ጨመረ። ስለዚህ የቶማስን ክርስትና በ1640ዎቹ ብቻ ሳይሆን ከ1662 እስከ ሠርጉ ወር ድረስ ይፈልጉ። ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ሲጠመቅ ቢያገኙት አይደንግጡ።

ይህ ሁሉ ተፈልጎ ክርስትናው ላይገኝ ይችላል። ያን ጊዜ የቶማስን ጥምቀት መፈለግ ትተን የቶማስን አባት መፈለግ እንጀምራለን። ሁለቱ አንድ ሥራ አይደሉም፤ አባት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ሣጥን ሳይሆን ከገንዘብና ከመሬት ወረቀት ነው።

ኑዛዜ ይቅደም። ሰፎክ በዚያ ዘመን ከኖሪች ሀገረ ስብከት በታች ሆና በሁለት ሊቀ ዲያቆናት ትተዳደር ነበር። የምዕራቡ ኑዛዜ በሪ ሴንት ኤድመንድስ፣ የምሥራቁ ኢፕስዊች ይጸድቅ ነበር፤ ዛሬ በሰፎክ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ከፍ ያለው ኖሪች ይሄዳል፤ ከአንድ ሀገረ ስብከት በላይ ሀብት ያለው ሰው ኑዛዜ ደግሞ በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ይጸድቅና ዛሬ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው ያለው። አሁን ልብ ይበሉ፦ ከ1653 እስከ 1660 የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ስለተዘጉ የሀገሪቱ ኑዛዜ ሁሉ፣ የድሃ ገበሬውም ሳይቀር፣ ለንደን ባለ አንድ ፍርድ ቤት ነበር የሚጸድቀው። በሌላ ዘመን ኪው ውስጥ የማይገኝ የመንደር ሸማኔ በእነዚያ ሰባት ዓመታት ይገኛል፤ ማውጫውም ኢንተርኔት ላይ አለ። ቶማስ በ1640 ግድም ተወልዶ ከሆነ አባቱ በእነዚያ ዓመታት ሞቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ።

ሲፈልጉ በቤተሰቡ ስም ብቻ አይወሰኑ። የቶማስን ሚስት አባት ኑዛዜ ይፈልጉ፤ አማት አማቹን በስሙ ይጠራዋል፣ ምስክር ሆነው የፈረሙትም የሙሽራው ወንድሞች ሊሆኑ ይችላሉ። እናቱ መበለት ሆና ሌላ አግብታ እንደሆነ ኑዛዜዋ በማናውቀው ስም ተቀምጧል። የዝምድና ቃላቱም ከዛሬው አይገጥሙም፤ «ልጄ» ያለው የእንጀራ ልጁን ወይም የሴት ልጁን ባል ሊሆን ይችላል፣ «የአጎት ልጅ» የሚለው የዛሬው ቃል ያን ጊዜ ለወንድም ልጅም ይውላል። «ታላቁ ቶማስ» እና «ታናሹ ቶማስ» የሚሉትም አባትና ልጅ ናቸው ማለት አይደለም፤ ባንድ መንደር ያሉ ሁለት ሞክሼዎችን መለያ ብቻ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ሺሊንግ ብቻ የተናዘዘ አባት የተቆጣ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ልጁ ድርሻውን አስቀድሞ ወስዷል ማለት ነው።

ከኑዛዜ ቀጥሎ የምወደው የማነር ችሎት መዝገብ ነው። ማነር የሚሉት የአንድ ባለርስት ግዛት ነው፤ ከእኛ ጉልት ጋር አንድ ባይሆንም ለመረዳት ያህል ይቀራረባል። ጭሰኛው የሚይዘው መሬት በችሎቱ መዝገብ የተጻፈ ስለሆነ፣ ሲሞት ሞቱ በችሎቱ ይነገራል፣ ወራሹም ቀርቦ ከፍሎ ይገባበታል። «የእገሌ ልጅ ቶማስ ወራሽ ነው፣ ዕድሜውም ይህን ያህል ነው» የሚል ቃል ከዚህ ይገኛል። ከጥምቀት መዝገብ የበለጠ ይታመናል፤ ገንዘብ አለበትና። ሁለት እንቅፋት አለው። ቋንቋው ከ1650ዎቹ በቀር እስከ 1733 ላቲን ነው፤ ሆኖም ቀመሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሃምሳ ቃል የያዘ ሰው ይዘልቀዋል። ስሞቹም ይለመዳሉ፤ በላቲን ያኮቡስ የተባለው ሰው ሠፈሩ ውስጥ ጀምስ ነው፣ ሁለቱም የእኛው ያዕቆብ ናቸው። ሁለተኛው እንቅፋት መዝገቡ የባለርስቱ የግል ንብረት ስለነበር ያልታሰበ ቦታ መገኘቱ ነው፤ የት እንዳለ የሚያመለክት ብሔራዊ ማውጫ ግን አለ። አንድ የሰፎክ ጉድም ልንገርዎ፦ በአንዳንድ ማነሮች መሬቱን የሚወርሰው የበኩር ልጅ ሳይሆን የመጨረሻው ነው። ወራሽ ሆኖ የቀረበውን ሁሉ ታላቅ ልጅ ነው ብለው አይደምድሙ።

ሦስተኛው መንገድ አባቱን አይሰጥዎትም፤ ቶማስ ለመንደሪቱ ተወላጅ ይሁን መጤ ግን ይጠቁማል። ንጉሥ ቻርልስ የመርከብ ገንዘብ የሚባል ግብር ሲሰበስብ የተዘጋጀው የሰፎክ ዝርዝር ለ1639 እና ለ1640 ተርፏል፤ የከፋዮቹ ስም በየመንደሩ ተጽፏል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የምድጃ ግብር መጣ፤ ከ1662 እስከ 1689 እያንዳንዱ ቤት ለአንድ ምድጃ በዓመት ሁለት ሺሊንግ ይከፍል ነበር። የሰፎክ የ1674 ዝርዝር ታትሟል፤ ቶማስ ያን ጊዜ ካገባ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ እዚያ መኖር አለበት፣ ድሃ ሆኖ ከግብሩ ነጻ ከወጡት መካከልም ቢሆን። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የቤተሰቡ ስም በ1640 በመንደሪቱ ካለ የቶማስ አባት ከእነዚያ ከፋዮች አንዱ የመሆኑ ተስፋ ከፍ ይላል። ከሌለ፣ ድሆች ከዝርዝሩ መቅረታቸው እንዳለ ሆኖ፣ መጤ ነው ብለን እንሥራ። የምድጃውን ቁጥርም ይዩ፤ አንድ ምድጃ ያለው ሸማኔና ስምንት ምድጃ ያለው ባላባት አጎትና የወንድም ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የማስረጃው ሸክም ግን እንዲህ በሚለው ሰው ላይ ነው።

መጤ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። «የድሮ ሰው ከተወለደበት አይነቃነቅም» የሚባለው ለእንግሊዝ አይሠራም። በኖቲንግሃምሻየር የምትገኘው የክሌይዎርዝ መንደር ቄስ በ1676 እና በ1688 የነዋሪዎቹን ሁሉ ስም ዘርዝረው ነበር፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ዝርዝር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ሞቷል ወይም ሄዷል። ወጣቶች በአሥራዎቹ ዕድሜ ከወላጅ ቤት ወጥተው በዓመት ውል በሰው ቤት ያገለግላሉ፤ ሙያ የሚማር ደግሞ በ1563 ሕግ መሠረት ሰባት ዓመት ከመምህሩ ጋር ይቀመጣል። ቶማስ ሸማኔ ስለሆነ የሰለጠነበት ከተማ፣ ለምሳሌ ላቨንሃም ወይም ሰድበሪ፣ የሥልጠና ውል ተርፎ እንደሆነ ይፈለግ፤ ውሉ የአባትን ስምና መንደር ይጠቅሳል። ጋብቻው በሦስት እሑድ ማስታወቂያ ሳይሆን በልዩ ፈቃድ ተፈጽሞ ከሆነም የዋስትና ውሉን ያስፈልጉ፤ የሙሽራው መንደርና ሙያ፣ አንዳንዴም ዕድሜው እዚያ አለ። ዋስ የሆነው ሰው ማን እንደሆነ በደንብ ይዩ።

የዘረመል ምርመራ ይረዳ እንደሆነ መጠየቅዎ አይቀርምና አስቀድሜ ልመልስ። ተራው ምርመራ ለአሥራ ሁለት ትውልድ ርቀት አይሆንም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ክሮሞሶም ግን ሳይቋረጥ ይወርዳል። ባለቤትዎ ከቶማስ በወንድ በወንድ የሚወርዱ ከሆነና ከባላባቱም በወንድ በወንድ የሚወርድ ፈቃደኛ ከተገኘ፣ ሁለቱ ካልተዛመዱ የአማትዎ ሐረግ በእጅጉ ይናጋል፤ በእርግጥ ወደቀ ግን አይባልም፣ በመካከል ከተጻፈው አባት ያልተወለደ ልጅ ሊኖር ይችላልና። ከተዛመዱ ግን ቶማስ የማን ልጅ እንደሆነ አያሳይም፤ ወንድማማቾች አንድ ናቸውና።

ሥራውን እንዴት እንደሚይዙት ልንገርዎ። በመንደሪቱ ዙሪያ አሥር ማይል ያህል ክብ ያስምሩ፤ የዚያ ዘመን ጋብቻና ስደት አብዛኛው ከዚያ አይወጣም። ከ1620 እስከ 1670 በዚያ ውስጥ ያለውን ይህን የቤተሰብ ስም የያዘ ሰው ሁሉ፣ የሚፈልጉትን ብቻ ሳይሆን የማይፈልጉትንም፣ ለየአባቱ ለይተው ይጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ቶማስ ያሳድዱ፦ ይህ በሕፃንነቱ ሞተ፤ ያኛው በ1665 ሌላ ሴት አገባ፤ ሦስተኛው በ1680 በሌላ መንደር ግብር ከፈለ፤ ሊሆን አይችልም። በየአጥቢያው የትኛው ዓመት እንደጎደለም ጎን ለጎን ይመዝግቡ፤ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ዋጋ የሚኖረው መዝገቡ ካለ ብቻ ነው። በመጨረሻ አንድ ቶማስ ብቻ ቢቀርና ከእሱ ጋር የሚሄድ አንድ የኑዛዜ ወይም የመሬት ወረቀት ቢገኝ፣ እኔ በበኩሌ እቀበለዋለሁ፤ በሐረጉ ላይ ግን ከስሙ በታች «በማስረጃ ድምር» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለት ቶማሶች ከቀሩና የሚለያቸው ወረቀት ከሌለ መስመሩ በ1668 ሠርግ ይቆማል። የሙያ ባልደረቦቼ ብዙዎቹ ይህን ለደንበኛ መናገር ይፈራሉ፤ እኔ ከሐሰተኛ ባላባት እውነተኛ ሸማኔ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለጊዜው ለአማትዎ ምንም አይንገሩ። አስቀድመው የጎረቤቱን አጥቢያ የ1639 የቀብር ገጽ ፎቶግራፍ ያውጡ፤ የፌብሩዋሪውን መስመር፣ ከላዩ ያሉትን የኖቬምበርና የዲሴምበር ቀብሮች፣ ከበታቹም 1640 የሚለውን አርእስት አንድ ላይ የሚያሳይ ይሁን። በዚያው ቀን የባላባቱን ልጆች ጥምቀት እስከ 1650 ድረስ ይመልከቱ። ጽሑፉ የዚያ ዘመን ጠማማ እጅ ስለሆነ ካላነበቡት ገጹን ይላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።